ዓይን ያወጣው ኬክ

ለዕቃ ግዢ ወደ ቻይናዋ ጓንዡ የሄደ ሰው ከሁሉ በፊት የሚናፍቀው እንጀራ ነው። በአራተኛው ቀን ባለቤቴ አኩርፋኝ ነበር። “ትለምጂዋለሽ” እያልኩ በየሻይ ቤቱ አስከትያታለሁ፤ እርሷ ግን ከነጭ ሩዝና ከሻይ በቀር የሚስማማት አላገኘችም።

የአገሬው ሰው ጠዋት ጠዋት ከሻይ ጋር በቀርከሃ ሰፌድ የሚቀርቡ ትናንሽ ምግቦችን ይበላል፤ ዲም ሰም ይሉታል። ያን ዕለት በሦስት ማዕዘን የተቆረጠ ነጭ ኬክ መጣ። ባለቤቴ አንሥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው።

“ዓይን አለው እኮ!” አለች። ከአኩረፈችኝ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር።

በካንቶኒዝ ባክ ቶንግ ጎ፣ ማለትም ነጭ የስኳር ኬክ ይባላል። መገኛው ከጓንዡ በስተደቡብ፣ በሹንደ ወረዳ ያለችው ሉንጂያዎ እንደሆነች ይነገራል፤ ኬኩም በስሟ ይጠራል። ሹንደን ዩኔስኮ በ2014 እ.ኤ.አ. የምግብ ጥበብ ከተማ ብሏታል።

ሩዝ ተዘፍዝፎ ከውኃ ጋር ይፈጫል። ስኳር በውኃ ይፈላና ትኩሱ ሊጡ ላይ ይፈስሳል። (አብሲት ትዝ አላችሁ?) ሲቀዘቅዝ ከቀድሞው ሊጥ የተቀመጠ እርሾ፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ የሱቅ እርሾ ይጨመርበትና ያድራል። እንቁላል የለው፣ ቅቤ የለው፣ ወተት የለው። ከተቸኮለ ድፍን ይሆናል፤ ከቆየ ይኮመጥጣል። እንፋሎቱም ከመጀመሪያው ኃይለኛ ካልሆነ ዓይኑ አይከፈትም። ጣፋጭ ነው፤ ከኋላው ግን እንጀራን የምታስታውስ ቀጭን ኮምጣጣነት አለችው። ባለቤቴ ሦስት ቁራጭ በላች።

አዲስ አበባ ተመልሰን ቅዳሜ ሞከረችው። ድፍን ሆነ። እኔ ሞኙ በልጆቹ ፊት “ይሄማ ሙጫ ነው” ብዬ ሳቅሁ። እርሷ አልሳቀችም፤ ሳህኑን አንሥታ ወጣች። ለካ ስትደክም የዋለችው እኔን ለማስደሰት ኖሯል።

ይቅርታ ከጠየቅኋት በኋላ አብረን አሰብንበት። ጓንዡ ሞቃት ናት፤ የእኛ ሌሊት ቀዝቃዛ ነው፣ ሊጡ ቶሎ አይቦካም። በእኛ ከፍታ ውኃ የሚፈላውም በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ እንፋሎቱ ላይ መቆየት አለበት። በሚቀጥለው ዓርብ ሊጡን በጋቢ ጠቅልለን አሳደርነው። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት በባትሪ ተነሥቼ ያየሁት እኔ ነኝ።

“ኩፍ ብሏል?” አለችኝ ከአልጋዋ።

“ጀምሯል፤ ተኚ” አልኳት።