ከበርክሌይና ከስታንፎርድ ለእህቴ

ይድረስ ለውድ እህቴ፣

ያረፍኩት ኦክላንድ፣ አክስታችን ቤት ነው። ከዚህ ተነስተሽ ቴሌግራፍ የሚባለውን ጎዳና ይዘሽ ወደ ሰሜን ስትሄጂ ግራና ቀኙ በሐበሻ ምግብ ቤት የተሞላ ነው፤ መንገዱ የሚያበቃው ደግሞ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ላይ ነው።

«አንደኛው የትኛው ነው? በርክሌይ ወይስ ስታንፎርድ? የት ላመልክት?» ብለሽ ጽፈሽልኛል። አባዬም ስታንፎርድ የሚለውን ስም ብቻ እንደሚያውቅ ነግረሽኛል። ሁለቱንም ሄጄ አየሁ፤ ከሰው ጋርም ብዙ አወራሁ። ያየሁትን ሳላሳጥር ልንገርሽ፤ ለአንድ ሥነ ምድር ለሚማር ሰው ጉዳዩ ቀልድ አይደለም። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

በርክሌይ የመንግሥት ነው። በ1868 ተመሠረተ፤ ዛሬ ከ45 ሺህ የማያንሱ ተማሪዎች አሉት። መሐሉ ላይ 94 ሜትር የሚረዝም የደወል ማማ ቆሟል። ሰው ወደ ላይ የሚወጣው የባሕር ወሽመጡን ለማየት ነው፤ እኔን ግን የገረመኝ ከውስጡ ያለው ነው። ሊፍቱ እያለፋቸው የሚወጣው ፎቆች ለተመልካች ዝግ ናቸው፤ የታጨቁት በቅሪተ አካል ነው። ብዙው ከሎስ አንጀለስ የሬንጅ ጉድጓዶች የወጣ የጥንት ተኩላና የጥርሰ ሰይፍ ድመት አጥንት ነው። ዩኒቨርሲቲው ማስቀመጫ ሲያጣ ማማው ውስጥ ከተተው፤ እስከ ዛሬም ተመራማሪዎች ይጠቀሙበታል። አንቺ ብትሆኚ እዚያው በር ላይ ቆመሽ እንደምትቀሪ አውቃለሁ።

ከዚያ ወረድ ብሎ መኪና ማቆሚያ ላይ «ኤን ኤል» የሚል ሰማያዊ ሰሌዳ የቆመባቸው ቦታዎች አሉ። ለኖቤል ተሸላሚ ብቻ ማለት ነው። በዚህ ግቢ መኪና ማቆሚያ ማግኘት ከባድ ስለሆነ ሽልማቱን ያገኘ መምህር ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰጠው ይኸው ቦታ ነው። በ2020 የጂን መቁረጫውን ክሪስፐር ከኢማኑዌል ሻርፓንቲዬ ጋር በሠሩት ሥራ የተሸለሙት ጄኒፈር ዳውድና የዚሁ ግቢ ፕሮፌሰር ናቸው። ሰሌዳዎቹን ቆሜ ሳያቸው ደስ አለኝ። ለዕውቀት ክብር የሚሰጥ ግቢ ክብሩን እንዲህ ደጅ አውጥቶ ሲተክለው ማየት ለተማሪ ትልቅ ነገር ነው።

የበርክሌይ ዝና የተጀመረው ግን ከሽልማቱ በፊት ነው። ኧርነስት ሎውረንስ የተባለ ወጣት የፊዚክስ መምህር በ1930ዎቹ መጀመሪያ በእጅ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ፣ ስፋቱ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሳይክሎትሮን ሠራ። የአቶም ቅንጣቶችን በክብ እያዞረ የሚያፈጥን መሣሪያ ነው። ከዚያ እያሳደገው ሄደ፣ ብዙ ሰው አንድ ላይ የሚሠራበት ላቦራቶሪም አቋቋመ፤ በ1939 ኖቤል ተሸለመ። ከእሱ መሣሪያዎች ብዙ አዳዲስ ንጥረ ነገሮች ወጡ። የንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥሽን አውጪና 97ኛውንና 98ኛውን እይ፤ በርክሊየምና ካሊፎርኒየም ይላሉ። ዩኒቨርሲቲው ስሙን ዓለም ሁሉ በሚማርበት ሠንጠረዥ ላይ ጽፏል፤ ይህን ያህል ዘመን የሚሻገር ማስታወቂያ በገንዘብ አይገኝም።

ጊልማን በሚባለው ሕንፃ 307 ቁጥር የሆነ ትንሽ ክፍል አለ። ፕሉቶኒየም በ1941 የታወቀው እዚያ ነው። አምስት ዓመት ሳይሞላ ያው ፕሉቶኒየም ናጋሳኪ ላይ በተጣለው ቦምብ ውስጥ ነበር። ክፍሉ ዛሬ በአገር ቅርስነት ተመዝግቧል። እኔ ግን ሕንፃው አጠገብ ስቆም ደስታ አልተሰማኝም። የዩኒቨርሲቲ ክብር ሲቆጠር ምን እንደተገኘ ብቻ ነው የሚጻፈው፤ በተገኘው ምን እንደተሠራ ግን የሚጻፍበት ዓምድ የለም።

በማግስቱ ወደ ስታንፎርድ ሄድኩ። ባርት የሚባለውን ባቡር ይዘሽ ሚልብሬ ትደርሺና ካልትሬን ወደሚባለው ትቀይሪያለሽ፤ ፓሎ አልቶ ትወርጃለሽ። ከጣቢያው ጀምሮ የዘንባባ ዛፍ በግራና በቀኝ የተሰለፈበት ቀጥ ያለ መንገድ ወደ ግቢው ያስገባሻል። ግቢው ከሦስት ሺህ ሄክታር በላይ ነው፤ በእግር አይጨረስም። ሌላንድ ስታንፎርድ የባቡር ሐዲድ ባለሀብትና የካሊፎርኒያ ገዥ የነበሩ ሰው ናቸው፤ አንድ ልጃቸው በ1884 ጣልያን አገር በታይፎይድ በ15 ዓመቱ ሞተባቸው። እሳቸውና ባለቤታቸው ለልጁ መታሰቢያ ብለው ያቋቋሙት ዩኒቨርሲቲ በ1891 ተከፈተ። የግል ነው፤ ያከማቸው የቋሚ ገንዘብ ክምችት ከ35 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው።

ነገር ግን እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ስታንፎርድ ከምሥራቁ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ተራ የሚገባ አልነበረም። የለወጠው ፍሬድሪክ ተርማን የሚባል የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ሃርቫርድ የነበረውን የሬዲዮ ምርምር ላቦራቶሪ ይመራ ስለነበር የመንግሥት የምርምር ገንዘብ ወዴት እንደሚፈስ በዓይኑ አይቷል። ሲመለስ ያደረገው ነገር ግልጽ ነው፤ ሁሉንም ትምህርት ክፍል በእኩል ከማሳደግ ይልቅ ጥቂት መስኮችን መረጠ፣ በእነዚያ መስኮች አሉ የተባሉትን ምርጥ ሰዎች ከያሉበት አመጣ፣ የመንግሥትን ገንዘብ ተከትሎ ላቦራቶሪ ሠራ። ተማሪዎቹን ደግሞ ኩባንያ ክፈቱ ይላቸው ነበር። ሂውሌትና ፓካርድ በ1939 በአንድ ጋራዥ ውስጥ የጀመሩት በእሱ ግፊት ነው። ሲሊከን ቫሊ የሚባለው አካባቢ ከዚህ ተነስቶ ነው ዛሬ የምንሰማው የሆነው።

እዚሁ በ1966 ሥራ የጀመረ 3.2 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የቅንጣት ማፍጠኛ አለ። በርክሌይ በክብ ያዞረውን ስታንፎርድ በቀጥታ መስመር አስሮጠው ማለት ነው። በዚያ በተሠራ ምርምር በ1976፣ በ1990 እና በ1995 የፊዚክስ ኖቤል ተገኝቷል። ሁለቱ ግቢዎች በአሜሪካ እግር ኳስ ከ1892 ጀምሮ ይጋጠማሉ፤ ሕዝቡ የሚያውቀው ፉክክር ይህ ነው። እኔ ግን ለአገሩ የጠቀመው ያኛው፣ የላቦራቶሪው ፉክክር ይመስለኛል። አንዱ ባይኖር ሌላው ይህን ያህል አይሠራም ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ደረጃ ማውጣትን ያስለመደው ዩኤስ ኒውስ የሚባለው መጽሔት ነው። በ1983 የመጀመሪያውን ዝርዝር ሲያወጣ ያደረገው ለዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶች መጠይቅ ልኮ «የትኞቹ ይበልጣሉ?» ብሎ መጠየቅ ነበር። ስታንፎርድ አንደኛ፣ በርክሌይ አምስተኛ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቁጥር ተጨምሮበታል፤ ይሁን እንጂ ከነጥቡ አንድ አምስተኛው ዛሬም አንዱ ዩኒቨርሲቲ ስለሌላው ያለው አስተያየት ነው። ስም ያለው ስሙ ነጥብ ያመጣለታል፣ ነጥቡ ደግሞ ስሙን ያገንነዋል።

ቁጥሩም ቢሆን የሚመጣው ከዩኒቨርሲቲዎቹ ነው። በ2019 በርክሌይ የቀድሞ ተማሪዎቹ ስለሚሰጡት ልገሳ የላከው ቁጥር ትክክል አለመሆኑ ታውቆ ከሠንጠረዡ ወጣ። በ2022 ደግሞ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የራሱ የሒሳብ ፕሮፌሰር፣ ማይክል ታዴየስ፣ ዩኒቨርሲቲው የላካቸውን አኃዞች አንድ በአንድ መረመሩና እንደማይገናኙ አሳዩ። ኮሎምቢያ ሁለተኛ ከነበረበት 18ኛ ወረደ። በእነዚያ ወራት ውስጥ መምህሩም፣ ቤተ መጻሕፍቱም፣ ላቦራቶሪውም አልተለወጡም። እኔ ፕሮፌሰሩን በጣም አከበርኳቸው፤ የሚሠሩበት ቤት በማይገባው ሲመሰገን ዝም አላሉም።

ከሻንጋይ የሚወጣው ሌላው የደረጃ ሠንጠረዥ ይለያል፤ በ2003 ተጀምሮ የሚቆጥረው ምርምርን ነው። የኖቤል ተሸላሚ ቁጥር፣ ሥራቸው አብዝቶ የሚጠቀስላቸው ምሁራን፣ ኔቸርና ሳይንስ በሚባሉት መጽሔቶች ላይ የወጡ ጽሑፎች ይቆጠራሉ። እዚህ ጋ ነው ነገሩ ወደ እኛ የሚመጣው። በዚያው በ2003 ኔቸር ላይ የወጣው አንድ ትልቅ ሥራ የኄርቶ የራስ ቅሎች ነበር፤ 160 ሺህ ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ ከመካከለኛው አዋሽ የተገኙ የዘመናዊ ሰው ቅሎች። በ2009 ደግሞ ሳይንስ ስለ አርዲ 11 ጽሑፎች በአንድ ጊዜ አወጣ፤ አራሚስ የተገኘ፣ የ4.4 ሚሊዮን ዓመት አጽም። ሥራውን የመሩት የበርክሌዩ ቲም ኋይት ናቸው። ከአጽሙ የመጀመሪያዎቹን የእጅ አጥንት ስብርባሪዎች በ1994 መሬት ላይ ያዩት ግን ያኔ የበርክሌይ ተማሪ የነበሩት ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ናቸው። ከቡድኑ መሪዎች አንዱ የሆኑት ዶክተር ብርሃኔ አስፋውም ዶክትሬታቸውን የሠሩት እዚሁ ነው።

አጥንቶቹ ያሉት አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ነው፤ ከቤታችን በታክሲ ይደረስበታል። ሙዚየሙ ግን ዩኒቨርሲቲ ስላልሆነ በሠንጠረዡ ላይ አንድም ነጥብ ሊያገኝ አይችልም። መሬቱ የአፋር ነው፣ ዕቃው አዲስ አበባ ነው፣ ከፀሐይ በታች ለዓመታት አሸዋ ሲያጣሩ የኖሩት በአብዛኛው የአገራችን ሰዎች ናቸው፤ ክብሩ ሲቆጠር ግን የሚያድገው ሌላ አገር ያለ ግቢ ስም ነው። ይህ ልቤን ይነካዋል። የበርክሌይ ሰዎች ኢትዮጵያውያንን አስተምረዋል፣ ሙዚየሙ ውስጥ የምርምር አቅም እንዲገነባም ረድተዋል፤ ይህን መካድ አልፈልግም። ቅሬታዬ ከቆጠራው ጋር ነው።

ለአንቺ ደግሞ የበለጠ የሚጠቅምሽን ልንገርሽ። ከግቢው ጠርዝ ላይ፣ ላዩን አይተሽው ምንም የማይመስል ሕንፃ ውስጥ የበርክሌይ ጂኦክሮኖሎጂ ማዕከል አለ። ኄርቶና አራሚስ ዕድሜያቸው የተለካው በዚህ ማዕከል ሰዎች ሥራ ነው፤ ከእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ አንዲት ክሪስታል ለቅመው በሌዘር እያጋሉ የሚወጣውን አርጎን ይለካሉ። ከዩኒቨርሲቲው ጋር አብሮ ይሠራል እንጂ ራሱን የቻለ ተቋም ነው፤ ስለዚህ በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ የለም። የአንቺን ትምህርት ለሚማር ሰው ግን ከብዙ ባለ ስም ዩኒቨርሲቲ ይበልጣል።

ድንቅነሽን ያገኙት ዶናልድ ጆሃንሰን በ1981 የሰው ዘር አመጣጥ ኢንስቲትዩታቸውን የመሠረቱት እዚሁ በርክሌይ ውስጥ ነበር። በ1994 ተከፋፈለ፤ ዕድሜ የሚለኩት ማዕከሉን ይዘው ቀሩ፣ ኢንስቲትዩቱ በ1997 ወደ አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሄደ። አሪዞና ስቴት በዩኤስ ኒውስ አጠቃላይ ዝርዝር ከ100ኛ በታች ነው። ግን ኢንስቲትዩቱን ከ2021 ጀምሮ የሚመሩት ዶክተር ዮሐንስ ናቸው፤ ወራንሶ ሚሌ ላይ የ3.8 ሚሊዮን ዓመት የራስ ቅል ያገኘውን ቡድን የመሩት ሰው። በሰው ዘር አመጣጥ ጥናት ከዚያ የሚበልጥ ቤት ጥቂት ነው። «ሠላም» የተባለችውን የዲኪካ ሕፃን ያገኘውን ቡድን የመሩት ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ደግሞ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አዳቅለው በ2009 የዓለም ምግብ ሽልማትን ያገኙት ገቢሳ ኤጄታ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ናቸው፤ ፐርዱ ከመጀመሪያዎቹ 40 ውስጥ አይቆጠርም።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ያነበብሻቸውንና የወደድሻቸውን ጥናታዊ ጽሑፎች አውጪ፤ ደራሲዎቹ ዛሬ የት እንዳሉ እይ። አዲስ ተማሪ እየተቀበሉ መሆኑን፣ ተማሪዎቻቸው በስንት ዓመት እንደሚጨርሱና ከዚያ የት እንደሚቀጠሩ ጠይቂ። አሁን በላቦራቶሪው ውስጥ ላለ ተማሪም ጻፊ፤ እውነቱን የሚነግርሽ እሱ ነው። ስለ ገንዘቡም አትፈሪ፤ በዚህ አገር በሳይንስ ዶክትሬት የሚሠራ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖለት የኑሮ አበል ይሰጠዋል። አበሉ ግን የቤት ኪራይ ይችላል ወይ? በኅዳር 2022 በርክሌይ የሚገኝበት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ 48 ሺህ ረዳት መምህራንና ተመራማሪዎች ሥራ ያቆሙት በዚሁ ምክንያት ነው። ስማቸው ሠንጠረዥ ላይ የማይጻፍ፣ ምርምሩን ግን ሌት ተቀን የሚሠሩት እነሱ ናቸው፤ አንቺም ከእነሱ አንዷ ነው የምትሆኚው።

በርክሌይን፣ አሪዞናንና አንድ ሌላ ጨምረሽ አመልክቺ፤ ስታንፎርድን የምታስገቢው በመስክሽ የሚፈልግሽ መምህር ካገኘሽ ብቻ ነው። አባዬን እኔ አስረዳዋለሁ። ማመልከቻው የሚዘጋው አብዛኛው ቦታ በታኅሣሥ ወር ስለሆነ ጊዜ የለንም። አራት ኪሎ ያሉት መምህርሽ የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፉልሽ በዚህ ሳምንት ጠይቂያቸው፤ የማመልከቻ ጽሑፍሽንም ረቂቁን ላኪልኝ፣ አንብቤ እመልስልሻለሁ። እሑድ ማታ በእናንተ ሰዓት እደውላለሁ።

ወንድምሽ፣
ከኦክላንድ