ሞተር ብቻውን አይሄድም
ከሐሙሲት እስከ ደብረ ታቦር

ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የደራ ወረዳ ከተማ ናት። ስሟ ሐሙስን ያስታውሳል። በገበያ ቀን ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ ጤፉና ዶሮው ከየቀበሌው ይመጣል። የሚመጣውም በሰው ጫንቃ፣ በአህያ፣ በጋሪና በመኪና ነው። ከመኪናዎቹ መካከል ጋቢናዋ ጠባብ፣ ኋላዋ ክፍት የሆነች አንዲት አሮጌ ፒክአፕ አየን። ዛሬ የምናነበው ስለ እሷ ነው።

መኪናዋ ቶዮታ ላንድክሩዘር ናት። ይህ ዓይነት ፒክአፕ በጃፓን አገር እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ይሠራ ነበር። ስለዚህ ዕድሜዋ ከብዙዎቻችን ይበልጣል። ሻንሲዋ ጠንካራ ነው፤ ሞተሯ ግን ደክሞ ነበር። አዲስ መኪና ለመግዛት ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል። ያገለገለ መኪና ከውጭ ለማስገባትም ቢሆን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከፍ ያለ ታክስ ጥሎበታል። ስለዚህ ሰው ያለውን ያድሳል።

የድሮው ሞተር የቤንዚን ነበር። ባለ 6 ፒስቶን፣ 4.2 ሊትር ነው። ጉልበት አለው፤ ቤንዚን ግን እንደ ውሃ ይጠጣል። በእሱ ፋንታ የተገዛው ያገለገለ የናፍጣ ሞተር ነው። ባለ 4 ፒስቶን፣ 3.4 ሊትር ነው። ካምቢዮውም አብሮት መጣ።

የመኪናዋ ባለቤት አዛውንት ነጋዴ ናቸው። የደረሰባቸውን እንዲህ ሲሉ ነገሩን።

«ልጆቼ፣ ሁለት በሬ ሸጬ ሞተሩን ገዛሁ። መካኒኩ ገጠመና አስነሳት። ድምጿን ስሰማ ደስ አለኝ። ራዲያተሩን ግን የድሮውን ተውነው። ወጪ ላድን ብዬ ነው። በሳምንቱ ቲማቲም ጭነን ወደ ደብረ ታቦር ስንወጣ ዳገቱ መሀል ላይ ፈላች። ጭሱ እንደ ደመና ወጣ። ስትበርድ እንነሳለን፤ ትንሽ ሄዳ ደግሞ ትፈላለች። ፀሐዩ ቲማቲሙን ጨረሰው። ቴስታታውም ተጣሞ ተገኘ። ያዳንኩት ገንዘብ ሦስት እጥፍ ሆኖ ሄደ።»

ለምን ፈላች? እስቲ አብረን እንመርምር።

ሞተር ውስጥ እሳት አለ። እሳቱ ብረቱን ያግለዋል። ብረቱን የሚያበርደው በውስጡ የሚዞረው ውሃ ነው። ውሃው ሙቀቱን ይዞ በጎማ ቱቦ ወደ ራዲያተር ይሄዳል። በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ሲወርድ ቬንትሌተሩ የሚስበው ነፋስ ያበርደዋል። ከዚያ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ሞተሩ ልብ ከሆነ ራዲያተሩ ሳንባ ነው ማለት ይቻላል።

የአዛውንቱ አሮጌ ራዲያተር ሁለት ችግር ነበረበት። አንደኛ፣ ለብዙ ዓመት የወንዝ ውሃ ስለተሞላበት ቱቦዎቹ በጭቃ ተደፍነዋል። ሁለተኛ፣ አዲሱ ሞተር ቁመቱ ሌላ ስለሆነ ቬንትሌተሩ ከራዲያተሩ መሀል ወርዶ ቀረ። ነፋሱ የታችኛውን ብቻ ይመታል፤ የላይኛው እንደጋለ ይቀራል።

ሌላም ነገር አለ። በባሕር ጠረፍ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሙቀት ነው። አገሩ ከፍ ባለ ቁጥር ውሃ ቶሎ ይፈላል። የጣና ዳር አገር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። እዚያ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ደብረ ታቦር 2700 ሜትር ያህል ነው። እዚያ ደግሞ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እናቶች ይህን በባቄላ ያውቁታል። በደጋ ውሃው ቶሎ ይፈላል፤ ባቄላው ግን ቶሎ አይበስልም። የራዲያተር ክዳን ስፕሪንግ ያለው ለዚህ ነው። እንፋሎቱን አፍኖ ይይዛል፤ ውሃውም ቶሎ እንዳይፈላ ይከለክላል። ክዳኑ ከላላ ዳገት ላይ መፍላት አይቀርም።

አሁን መኪናዋ ታድሳለች። ሥራው እንዲህ ነበር። ለሞተሩ የሚሆን ሱፖርት በብየዳ ተሠራ። የቤንዚኑ ታንክ ታጥቦ የናፍጣ ማጣሪያ ተጨመረ። ትርፉን ናፍጣ ወደ ታንክ የሚመልስ ቱቦም ተዘረጋ። ከሞተሩ ቁመት ጋር የሚስማማ ሰፊ ራዲያተር ተገጠመ። ቬንትሌተሩ መሀሉ ላይ ዋለ። በራዲያተሩና በቬንትሌተሩ መካከል ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ተተወ። ነፋሱ በጎን እንዳያመልጥ ዙሪያው በቆርቆሮ ተከበበ።

እኛም በእሷ ተሳፍረን ሄድን። የጉማራን ድልድይ ተሻግረን በፎገራ ሜዳ የሩዝና የሽንኩርት ማሳ እያየን ወረታ ደረስን። ከወረታ ወደ ምሥራቅ ታጥፈን ቻይናውያን በሠሩት መንገድ ዳገቱን ጀመርን። ሹፌሩ ዓይኑን ከሙቀት መለኪያው አልነቀለም። የመለኪያው እጅ መሀል ላይ ቆመ፤ ከዚያ አላለፈም። የጉና ተራራ ብርድ ሲቀበለን ደብረ ታቦር ገባን። ቲማቲሙ አንድም አልፈረጠም።

በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የሚባል ቦታ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ በ1859 ዓ.ም. ያሠሩት በዚያ ነው። ክብደቱ 7 ቶን ያህል ነበር። መድፉን ማቅለጥ ብቻ አልበቃም። የሚሸከመው ጋሪ ተሠራ፤ ጋሪው የሚያልፍበት መንገድም በገደል ተጠረገ። እስከ መቅደላ ለመድረስ ወራት ፈጀ። ከባድ ነገር ብቻውን አይሄድም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ መኪናም እንደዚሁ ነው።

ወገኖቻችን፣ መኪና ላላችሁም በመኪና ለምትጫኑም ይህን አስታውሱ።

መኪና ሲፈላ የራዲያተሩን ክዳን ወዲያው አትክፈቱ። የታፈነው ውሃ ወጥቶ ፊት ያቃጥላል። እስኪበርድ ጠብቁ።

በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትጨምሩ። የጋለ ምጣድ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው እንደሚሰነጠቅ ሁሉ ብረትም ይሰነጠቃል።

የደፈረሰ ውሃ ራዲያተር ውስጥ አትሙሉ።

ሞተር ስትገዙ በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በዓይናችሁ አንብቡ። ከሻጩ ወረቀት ጋር አስተያዩት። ካልተስማማ አትግዙ፤ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። ከተገጠመ በኋላም አዲሱ ቁጥር በሊብሬው ላይ እንዲጻፍ ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። ቁጥር ማንበብ የቻለ ሰው በሬ የሸጠበትን ገንዘብ ይጠብቃል።

ካነበባችሁ በኋላ ተወያዩ።
1. የአዛውንቱ መኪና ዳገት ላይ የፈላችው ለምንድን ነው?
2. ውሃ በሐሙሲትና በደብረ ታቦር የሚፈላው በስንት ዲግሪ ገደማ ነው?
3. በቀበሌያችሁ አንዱ ብቻ ተሠርቶ ሌላው ስለቀረ ሳያገለግል የቆመ ነገር አለ? ምን ይጎድለዋል?