የድሬዳዋ ለገሃርና የከዚራ ቤቶች

ከሐረር ተነሥቶ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ መንገደኛ ደጋውን ትቶ ቆላው በገባ ጊዜ፥ ደቻቱ የተባለው አሸዋማ ወንዝ ከተማዪቱን ከሁለት ከፍሏት ያገኛል። በአንደኛው ወገን መጋላ አለ፤ መንገዱ ጠባብና ጠማማ፥ ገበያውም የደራ ነው። በሁለተኛው ወገን ያለው ከዚራ ግን መንገዱ በገመድ እንደ ተለካ ቀጥ ያለ ነው፤ ዛፎቹም ግራና ቀኝ ተሰልፈው ለእግረኛ ጥላ ይሰጣሉ። ይህን ሠፈር ያቀናው የፈረንሳዮች የምድር ባቡር ኩባንያ ነው።

የነገሩም መነሻ እንዲህ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ተወላጅ ለሙሴ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ እንዲዘረጋ ፈቀዱለት፤ ሥራውም በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ሳለ የተራራው ዳገት ስለ ከበደ፥ በ1895 ዓ.ም. ከግርጌው ደርሶ ቆመ፤ በዚያም አስቀድሞ አዲስ ሐረር የተባለችው ድሬዳዋ ተቆረቆረች። የፊተኛው ኩባንያ ገንዘብ አልቆበት ሲወድቅ፥ በ1900 ዓ.ም. ሌላ ኩባንያ ተተክቶ ሐዲዱን በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ አደረሰው። እስከዚያም ድረስ ለብዙ ዓመታት ዕቃው ድሬዳዋ ላይ ከፉርጎ እየወረደ በግመልና በበቅሎ ይጫን ነበር።

ለገሃር የሚለው ስም ከፈረንሳይ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ጣቢያው ማለት ነው። ቤቱ በአደባባዩ ፊት ረዝሞ የተሠራ ነው፤ ከበስተኋላውም ባቡር የሚጠገንበት ሥፍራ ብረት ከሚቀርጹ መኪናዎቹ ጋር ይገኛል። የከዚራ አሮጌ ቤቶችም የቆላውን ሐሩር እንዲከላከሉ ሰፊ በረንዳና ነፋስ የሚያሳልፍ የእንጨት መዝጊያ ያለው መስኮት ተደርጎላቸዋል።

አሁን ግን ነገሩ ተለውጧል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ውጭ ነው። የድሮው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር፥ የአዲሱ 1 ሜትር ከ435 ሚሊሜትር ስለ ሆነ፥ የቀድሞው ባቡር በአዲሱ መንገድ ሊሄድ አይችልም። እንግዲህ አሮጌው ለገሃር ዋና ሥራውን አጣ፤ ሥራ ያጣ ቤትም ዕድሜው ሳይደርስ ይፈርሳል።

ምናልባት አንዳንድ ሰው፦ «የፈረንጅ ቤት ቢፈርስ ምን ይጎዳናል?» ይል ይሆናል። ነገር ግን መሬቱ የኢትዮጵያ ነው፤ ሐዲዱን በመዘርጋት፥ ባቡሩንም በመንዳትና በመጠገን የደከሙት የአገራችን ልጆች ብዙዎች ናቸው። አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስን የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው፥ ያለ ፈቃድም እንዳያድሰው ያዛል። ይሁን እንጂ አዋጅ ጣራ አይከድንም፥ ግድግዳም አይለስንም።

ስለዚህ ሥልጣን ያላቸው ለቤቱ የሚገባውን ሥራ ቢሰጡት፥ ይኸውም የባቡር ታሪክ ማሳያና የብረት ሥራ ማስተማሪያ ቢያደርጉት፥ መልካም ይመስለናል። የድሬዳዋ አባቶችና እናቶችም ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ለገሃር ይሂዱ፤ በባቡሩ ያገለገሉትን ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ያስጠይቋቸው። ጊዜው ሳያልፍ ይህ እንዲታሰብበት በትሕትና እናሳስባለን።