ስለ ኬልቶች ሃርፕና ስለ አንድ ደብተር

መጻሕፍታችን «ሃርፕ» የሚለውን የባዕድ ቃል ዘወትር «በገና» ብለው ይተረጉሙታል። ትርጉሙ ክፉ ነው አልልም። ይሁን እንጂ የሙዚቃ መሣሪያዎችን ጠባይ ለሚመረምር ሰው ልዩነቱ ጉልህ ነው። የእኛ በገና የክራር ዘመድ ነው፤ ሁለት ዐምዶች ቀንበሩን ይሸከማሉ፤ ዐሥሩ አውታሮች ከቀንበሩ ወርደው በበርኩማው ላይ ያልፉና ከገበቴው ጋር ይታሰራሉ። ሃርፕ ግን በርኩማ የለውም። በሦስት ማዕዘን ቅርጽ የታነጸ ሲሆን፣ አውታሮቹ ከድምፅ ሣጥኑ ሆድ በቀጥታ ተነሥተው ወደ ላይኛው ቆልማማ አንገት ይወጣሉ። ስለዚህ እዚህ ላይ ሃርፑን ሃርፕ፣ በገናውንም በገና እያልሁ እቀጥላለሁ።

ከኬልቶች ሃርፕ ጋር ያስተዋወቀኝ አንድ ሸክላ ነበር። በ1968 ዓ.ም. ገደማ፣ በወጣት መምህርነቴ ዘመን፣ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ባልደረባዬ ከሻንጣው አውጥቶ አስደመጠኝ። ሸክላው የአለን ስቲቬል ነው፤ በ1971 የታተመ ሲሆን (የባሕር ማዶውን ታሪክ ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ርእሱም «የኬልታዊ ሃርፕ ህዳሴ» ማለት ነው። በመጀመሪያ የባሕር ማዕበል ይሰማል፤ ከማዕበሉ መካከልም አውታሮቹ ብቅ ይላሉ። የስቲቬል አገር ብሪታኒ፣ የፈረንሳይ ምዕራባዊ ጫፍ፣ እንደ አየርላንድ፣ እንደ ስኮትላንድና እንደ ዌልስ ሁሉ ኬልታዊ ቋንቋ የሚነገርበት ምድር ነው። በዚያ ሃርፕ ከመካከለኛው ዘመን ወዲህ ጠፍቶ ኖሯል። በ1953 የስቲቬል አባት ጆርድ ኮሸቭሉ በገዛ እጁ አንድ ሃርፕ ሠርቶ ጨረሰ፤ ልጁም በዘጠኝ ዓመቱ ይማርበት ጀመር። ያው ልጅ በ1972 በፓሪስ ኦሎምፒያ አዳራሽ ሃርፑን ከኤሌክትሪክ ጊታርና ከከበሮ ጋር አቀናጅቶ ተጫወተ።

ይህን ስሰማ ልቤ ተነሣሣ። የሞተ መሣሪያ እንዲህ ከተነሣ ያልሞተውን የእኛን በገና ማዘመን ምን ይገድዳል? አልሁ። በማስተምርበት ከተማ ዳርቻ አንድ አዛውንት በገና ደርዳሪ ነበሩ። የድምፅ መቅረጫ መሣሪያ ስላልነበረን ደብተርና እርሳስ ይዤ አራት ቅዳሜ ተመላልሼ ስምንት ዜማ ወሰድሁ፤ ለፒያኖ አመቻቸሁና በትምህርት ማብቂያው በዓል ላይ አቀረብሁ። አዛውንቱ በክብር እንግድነት ከፊተኛው መደዳ ተቀምጠው፣ እጃቸውን በምርኩዛቸው ላይ ደራርበው አዳመጡ። ሲያልቅ ወደ እርሳቸው ሄጄ እጅ ነሣሁ።

«መልካም ነው ልጄ፤ የየትኛው አገር ዜማ ነው?» አሉኝ።

ባልደረቦቼ ሣቁ። እኔም አብሬ ሣቅሁ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ደብሊንን የማየት ዕድል ገጠመኝ። በሥላሴ ኮሌጅ የሚገኘውን ዝነኛ ሃርፕ አየሁ፤ በአየርላንድ መንግሥት ማኅተምና በሳንቲሙ ላይ የተቀረጸው የእርሱ ምስል ነው። (የአገሩ ቢራ ጠማቂ ያንኑ ሃርፕ በ1876 የንግድ ምልክት አድርጎ ስላስመዘገበ፣ የመንግሥቱና የቢራው ሃርፕ ፊታቸውን በተቃራኒ አቅጣጫ አዙረው ይኖራሉ።) ሕዝቡ የንጉሥ ብራያን ቦሩ ሃርፕ ይለዋል። ብራያን ግን የሞተው በ1014 ነው፤ ሃርፑ የተሠራው በ14ኛው ወይም በ15ኛው መቶ ዓመት ነው። በጭን ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ዕቃ ነው። የድምፅ ሣጥኑ ከአኻያ እንጨት ተቦርቡሮ የተሠራ፣ አውታሩ የናስ ሽቦ፣ የሚደረደረውም በጥፍር ነበር።

በዚያው ሳምንት አንዲት ደርዳሪ በእንዲህ ያለ የናስ ሃርፕ ስትጫወት ሰማሁ። መሣሪያውን በግራ ትከሻዋ አስደግፋ፣ ቀጭኑን ድምፅ በግራ እጇ፣ ወፍራሙን በቀኝ እጇ ይዛለች፤ የዛሬው የኦርኬስትራ ሃርፕ የሚያዘው በተገላቢጦሽ ነው። ስትቃኝ ከመካከል የሚገኙትን አንድ ዐይነት ድምፅ የሚሰጡ ሁለት አውታሮች አስቀድማ አስተካከለች፤ «እኅትማማቾቹ» ይባላሉ። ናስ ከተመታ በኋላ ቶሎ ዝም አይልም፤ እንደ ደወል ይዘገያል። ስለዚህ ጣቶቿ ከሚመቱት ይልቅ ዝም የሚያሰኙት ይበዛ ነበር፤ አንዱን ስትለቅ ሌላውን ትይዛለች፣ የተያዘውና የተለቀቀውም አንድ ላይ ሆነው ዜማውን ይቀርጹታል። ከሸክላው ያልሰማሁት ሌላ ጥበብ ነበር።

ይህ ጥበብ እንዴት እንደ ጠፋ ማወቅ ፈለግሁ። ሃርፕ ደርዳሪዎች የኖሩት በአየርላንድ ባላባቶች አዳራሽ ሲሆን፣ በ17ኛው መቶ ዓመት እንግሊዞች ባላባቶቹን ሲሰብሯቸው ደርዳሪዎቹም ከቤት ወደ ቤት ዘዋሪ ሆኑ። ብዙዎቹም ዐይነ ሥውራን ነበሩ። ከሁሉም የገነነው ተርሎክ ኦካሮላን (1670–1738) በወጣትነቱ በፈንጣጣ ታውሮ፣ መሪና ፈረስ ተሰጥቶት በየአገሩ እየዞረ ከ200 በላይ ዜማዎች ትቷል። በደብሊን ይሰማው የነበረውን የኢጣልያኖች ሙዚቃ ወድዶ በዜማው ውስጥ አስገብቷል፤ ስለዚህ «ጥንታዊው» ሁሉ ንጹሕ ነበር ለሚሉ ሰዎች ካሮላን አይመቻቸውም። ዜማዎቹ በአብዛኛው የደረሱን በአንድ መስመር ብቻ ነው። ሁለተኛው እጁ የሠራው አልተጻፈም።

በሐምሌ 1792 በቤልፋስት ከተማ የቀሩትን ደርዳሪዎች የሚሰበስብ ጉባኤ ተጠራ። ዐሥር አየርላንዳውያንና አንድ ዌልሳዊ መጡ፤ ከዐሥሩ ስድስቱ ዐይነ ሥውራን፣ አንዷ ሴት ነበሩ። ዜማቸውን እንዲጽፍ የተመደበው ኤድዋርድ በንቲንግ የ19 ዓመት ኦርጋን ተጫዋች ነው፤ አንዲት ድምፅ እንኳ እንዳይጨምር ተነግሮት ነበር። የመጀመሪያውን ሽልማት የወሰደው ቻርልስ ፋኒንግ ሲሆን፣ የበለጠው ደርዳሪ እርሱ አልነበረም፤ በንቲንግ እንደሚለው ያሸነፈው በጊዜው ፋሽን ያሸበረቀ ዜማ ስላቀረበ ነው። በጥፍሩ በጥንቱ ሥርዐት የሚደረድር አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እርሱም ዕድሜው ወደ መቶ የተጠጋው ዐይነ ሥውሩ ዴኒስ ሄምፕሰን ነው።

በንቲንግ በ1796፣ በ1809ና በ1840 ሦስት መጻሕፍት አሳተመ፤ ዜማዎቹን ለፒያኖ አመቻችቶ ከሥራቸው አዲስ የግራ እጅ ድምፅ አቆመ። ለሳሎን ወይዛዝርት ተስማሚ ሆኑ። ይህን ሳነብ ፊቴ ጋለ፤ አዳራሹ፣ ፒያኖው፣ ከፊተኛው መደዳ የተቀመጡት ሽማግሌ ታወሱኝ።

ሆኖም በበንቲንግና በእኔ መካከል አንድ ልዩነት አለ። እርሱ ከሽማግሌዎቹ ፊት ተቀምጦ በጥድፊያ የጫረባቸውን ረቂቆች አልጣለም፤ ዛሬ በቤልፋስት በኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በ1840 መጽሐፉም ደርዳሪዎቹ ለእያንዳንዱ የጣት አጣጣልና ለአውታሮቹ ቅኝት የነበራቸውን ስያሜ ሳይቀር መዝግቧል። ሄምፕሰን በ1807 ሞተ፤ በ19ኛው መቶ ዓመት የሃርፑ ናስ በአንጀት አውታር ተተካ፤ ጥፍሩም ተረሳ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ግን አሜሪካዊቷ አን ሄይማንና ሌሎች ወደ እነዚያ ጽሑፎች ተመልሰው የናሱን አደራደር እንደገና ፈለጉት። በ2019 ዩኔስኮ የአየርላንድን የሃርፕ አደራደር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የናሱም የአንጀቱም በአንድነት ተቆጠሩ። እኔም ስቲቬልን ለመንቀፍ አልከጅልም። እርሱ የሚገለብጠው አረጋዊ መምህር በአገሩ አልነበረውም፤ የሌለውን ፈጠረ። እኔ ግን መምህሩ ከፊቴ ተቀምጠው ነበር።

ወደ አገሬ ስመለስ የድሮ ሣጥኔን ከፈትሁ። አዛውንቱ ካረፉ ቆይቷል፤ የት መንደር እንደ ተቀበሩ እንኳ ጠይቄ አላውቅም። ረቂቁን ንጹሑ ቅጂ እንዳለቀ ለምድጃ ማቀጣጠያ ሰጥቼው ነበር። ቅጂው አለ፤ ስምንቱም ዜማ በማስመሪያ በተሰመረ መስመር ላይ በጥቁር ቀለም ተጽፈዋል። የትኛው አውታር በየትኛው ጣት እንደ ተነካ አንድም ቦታ አልተመለከተም። በበገና በርኩማና በአውታሩ መካከል የሚሰካው ቁራጭ ጠፍር፣ እንዝራው፣ ድምፁን እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርመዋል፤ የበገና ነፍሱም ይኸው ነው። (በመካከለኛው ዘመን አውሮፓም በብዙ ሃርፖች ላይ አውታሩን እየነካ የሚያጉረመርም ቆልማማ ችካል ነበር፤ የኋለኞቹ እንደ ሁካታ ቆጥረው አስወገዱት።)

ከሦስተኛው ዜማ ጎን፣ በኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ የተጻፈ የራሴን የእጅ ጽሑፍ አገኘሁ። «እንዝራው ይረብሻል፤ ይቅር» ይላል።