ባቄላ ያሳደገን ልጆች

ከደባርቅ ወደ ሳንቃ በር ሲወጣ፣ በመስከረም የመንገዱ ግራና ቀኝ የባቄላ አበባ ነበር። ነጭ ሆኖ መሐሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት፣ ሽታው ከሩቅ የሚጠራ አበባ። ሳንቃ በር 3250 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ እዚያ ሲደርሱ ደጋው ለገብስ ይለቃል። ባቄላው የሚያምረው ከዚያ ዝቅ ብሎ በደባርቅና በዳባት ዙሪያ ነበር።

ጥቅምት ሲገባ እኛ ልጆች ወንጭፍ ይዘን ለጥበቃ እንሰማራለን። ጭላዳ ከገደሉ አፋፍ ብቅ ብሎ ማሳውን እንዳያወድም ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ከጭላዳው ይልቅ እሸቱን የምንጨርሰው እኛው ነበርን። ጥሬውን ፈልፍለን እንበላለን፤ የቀረውን ከነቆባው እሳት ላይ ጥለን ጥርሳችን እስኪጠቁር እንግጠዋለን።

ቤት ስንገባም የሚጠብቀን ያው ባቄላ ነው። ጠዋት ቆሎ፣ ቀን ሽሮ፣ ማታ ንፍሮ። በዓመት ውስጥ ከግማሽ የማያንሰው ቀን ጾም በሆነበት አገር ሌላ ምን ይኖራል? «እማማ፣ ዛሬም ባቄላ?» ስላት አያቴ ቀና ብላ ሳታየኝ፣ «ሥጋህ እኮ ነው ልጄ፣ ዝም ብለህ ብላ» ትለኝ ነበር።

ቃሏ ማባበያ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ የምግብ ሳይንስ የሚለውም ከእሷ ብዙ የራቀ አይደለም። ከ100 ግራም ደረቅ ባቄላ 26 ግራም ያህሉ ፕሮቲን፣ 25 ግራም ያህሉ ደግሞ አሰር ነው። ብረት አለው፤ ለጽንስ አከርካሪ በደንብ መሠራት የሚያስፈልገው ፎሌትም ሞልቶበታል። ገብስና ስንዴ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሳቸዋል፤ ባቄላ ደግሞ በእሱ ሀብታም ነው። ባቄላ የሚጎድለውን ሜቲዮኒን በበኩላቸው እህሎቹ ይሞሉለታል። የገብስ እንጀራ በባቄላ ሽሮ ሲበላ፣ የጸሎተ ሐሙስም ጉልባን ስንዴና ባቄላን አንድ ድስት ውስጥ ሲያገናኝ፣ ሁለት ጎዶሎዎች አንድ ሙሉ ይሆናሉ።

ከሁሉ የሚናፍቀኝ ግን በቆልቱ ነው። አያቴ ባቄላውን ውኃ ውስጥ ታሳድረዋለች፤ በማግሥቱ አጥልላ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ሙቀት ካለበት ጥግ ታስቀምጠዋለች። ጫፉ ሲያጎነቁል በጨው ትቀቅለዋለች። ባቄላ ሲበቅል ብረትና ዚንክን ይዞ አልለቅ የሚለው ፋይቴት የሚባል ነገር ይቀንሳል፤ ሆድ የሚነፋው ስኳርም እንዲሁ። «ባቄላ አለቀ ቢሉ፣ ፈስ ቀለለ» ብለው የቀለዱት አባቶች ችግሩን ያውቁታል፤ መድኃኒቱን የያዙት ግን እናቶች ነበሩ። ስልጆውስ? የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውኃ ተገንፍቶ፣ ሲቀዘቅዝ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት ለቀናት ሲብላላ፣ ክዳኑ የተከፈተ እንደሆነ አፍንጫ ይሰነፍጣል።

ጥራጥሬ ሁሉ ግን እንዲህ የዋህ አይደለም። ከእኛ በታች በደምቢያና በፎገራ፣ ድርቅ በመጣ ቁጥር ሰው ጓያን አብዝቶ ይበላና ጓያ የሰበረው ጎበዝ በምርኩዝ ሲሄድ ይታይ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ አካባቢውን የመታው የጓያ በሽታ በሕክምና ጽሑፎች ጭምር ተመዝግቧል። የትኛው እህል ምን ያህል፣ ከምን ጋር፣ እንዴት ታሽቶና ታጥቦ እንደሚበላ ማወቅ የነፍስ ጉዳይ ነበር።

መሬቱም ቢሆን የባቄላ ውለታ አለበት። አባቴ አንዱን ተክል ነቅሎ ሥሩ ላይ ያሉትን እባጮች እያሳየኝ፣ «የከርሞው ገብስ ቀለቡ ይሄ ነው» ይለኝ ነበር። በእባጮቹ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጂን እየያዙ መሬቱን እንደሚያበለጽጉ የተማርኩት በኋላ ነው።

አሁን ያ ሁሉ እየሳሳ ነው። ከ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ቅጠሉን አሳብጦ የሚያኮማትረው፣ ገበሬው ቆርምድ የሚለው በሽታ በአማራ ደጋዎች ተዛምቶ ብዙ ማሳ ያለ ፍሬ አስቀርቷል። ለባሕር ዛፍ የተለቀቀውም መሬት ጥቂት አይደለም። በከተማው ሱቅ ፓስታ በ10 ደቂቃ ይበስላል፤ በቆልት ግን ቀናት ይጠይቃል። ማን ይጠብቀው?

በሽታውን የሚቋቋም ዘር ለማግኘት የግብርና ተመራማሪዎች እየደከሙ ነው፤ ይሳካላቸው። ዘሩ ቢመለስ እንኳ በቆልቱንና ስልጆውን የሚያውቁት እናቶች እያረጁ ነው፤ ሙያቸው በምርምር ጣቢያ አይራባም። ደባርቅም ዳባትም አያት ያለው ሰው በመጪው ጾም አጠገቧ ቁጭ ብሎ አንድ ጊዜ ይንከር፣ ያጥልል፣ ይጠቅልል።