ሠራተኛው ካልቆየ ሥራው አይቆይም

«የሰው ኃይል አስተዳደር» ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ፋይል ያቀፈ የፐርሶኔል ሠራተኛ ነው። ይቀጥራል፣ የሰዓት ፊርማ ይቆጣጠራል፣ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። በእኔ አመለካከት ግን ጉዳዩ ከዚህ የጠለቀ ነው። አንድ ድርጅት ከዓመት ዓመት እያተረፈ የሚዘልቀው ሠራተኛው ሲቆይለት ነው፤ ሠራተኛው ደግሞ የሚቆየው መቆየቱ ሲያዋጣው ነው።

እኔ ያደግሁት በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ መካከል ባለችው ጉንደ ወይን ነው። በእኛ አገር የጤፍ አጨዳ ለአንድ ሰው ጉልበት ስለሚከብድ ወንፈል አለ። ዛሬ እኔ ለአንተ ባጭድ ነገ አንተ ለእኔ ታጭዳለህ። የሰው ቀን ወስዶ ያልመለሰ ገበሬ ለከርሞ የሚመጣለት የለም። በወንፈል ቀጣሪም ፊርማም የለም፤ ግን ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። ለምን ቢሉ፣ ጉልበቱን የሰጠ ሰው ምላሹን እንደሚያገኝ ስለሚያውቅ ነው።

ከዚሁ ከእኛ ሰፈር አንዲት አብሮ አደጌ ትምህርቷን ጨርሳ፣ ከቤተሰብ ርቃ በአንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቀጠረች። ደመወዟ ለቤት ኪራይና ለምግብ ሲከፈል ለእናቷ የምትልከው አልተረፋትም። ዓመት ሳይሞላት ተመለሰች። ሰዉ «ሥራ አማርጣ ነው» አላት። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው፤ እሷን ማሽን ለማስለመድ የወጣው ገንዘብና ጊዜ የት ገባ?

ነገሩ በእሷ ብቻ የደረሰ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀውን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያጠኑ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ሪፖርት አውጥተው ነበር። በዚያን ጊዜ የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። ፋብሪካዎቹም በአማካይ በየ12 ወሩ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ በአዲስ ይተኩ ነበር። እንግዲህ ጉልበት ርካሽ ነው ብሎ የመጣ ባለሀብት በየዓመቱ እንደገና ሲያስተምር ይኖራል ማለት ነው። ይህ ርካሽ ነው ትላላችሁ?

በአንጻሩ የኢትዮጵያ አየር መንገድን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1946 በረራ ሲጀምር የሚመሩት ቲደብሊውኤ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ድርጅቱ ግን በተውሶ ሰው አልቀረም። የራሱን ማሠልጠኛ አቋቁሞ ኢትዮጵያውያን ቴክኒሻኖችንና አብራሪዎችን አፈራ። በ1971 ኮሎኔል ሰምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ዛሬ ማሠልጠኛው ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ተማሪዎችን ጭምር ያስተምራል።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይላል። ይሁን እንጂ አዋጅ ብቻውን ሠራተኛ አያቆይም። የሰው ኃይል ኃላፊው «ስንት ቀጠርን?» ከማለቱ ጎን ለጎን «ስንቱ ለቀቀብን? ለምን? ምን ያህልስ አከሰረን?» ብሎ መጠየቅና መልሱን ለአለቆቹ ማቅረብ አለበት።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎችም የቤት ሥራ አለብን። ነገ ፋብሪካ ሲመረቅ መቅረጸ ድምፅ ይዘን እንሄዳለን። ለስንት ሺህ ሰው ሥራ እንደተፈጠረ ይነገረናል፤ እንጽፋለን። በዓመቱ ተመልሰን ከእነዚያ ውስጥ ስንቶቹ እንዳሉ ካልጠየቅን ግን ዜናውን ግማሽ ላይ ትተነዋል ማለት ነው።