«የማን ወገን ነበር?»

በአገው ምድርም ሆነ በመላው ጎጃም ሰው ሞተ ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው የታወቀ ነበር፤ «ቀብሩ መቼ ነው? የትኛው ደብር ነው?» ይባላል። ጎረቤት ሥራውን ትቶ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። ሟቹ ባለዕዳው ይሁን በመሬት ድንበር የከሰሰው፣ ቀብር ቀብር ነው። ጠቡ ከሠልስቱ በኋላ ይቀጥል ይሆናል፤ በአስከሬን ፊት ግን አይነሣም።

ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ከዚያ ጥያቄ በፊት ሌላ ጥያቄ ገብቷል፤ «የማን ወገን ነበር?» የሚል። በሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በአማራ ክልል የተወለደ ልጅ ዛሬ አፉን ፈትቷል። እንጅባራም፣ ዳንግላም፣ ሌላውም ከተማ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥና ሲመለስ ኖሯል። የዚህ ዘመን ጉዳት በሞተው ሰው ብዛት ብቻ አይለካም። ለማን እንደሚለቀስና ለማን ዝም እንደሚባል ሰው መምረጥ መጀመሩም ጉዳት ነው።

የክርስትና ፈተናም እዚህ ላይ ነው። በአዊ ዞን የእምነት ምልክት አልጠፋም። ጾሙ ይጾማል፣ ማኅበሩ ይጠጣል፣ ስለቱ ይገባል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ራሱ ወሩ በገባ በ23 ከሚታሰበው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር የተያያዘ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበር የሚዘክረው የዓድዋን አርበኞችና ያገለገሏቸውን ፈረሶች ነው። ይህ ሁሉ ሀብት ነው። ነገር ግን ነጠላ መልበስም፣ ፈረስ መሸለምም ጠላት የሌለው ሰው ሁሉ ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው። ወንጌሉ ጠንከር ያለ ነገር ይጠይቃል፤ ለሚጠላህ መልካም እንድታደርግ፣ ለሚያሳድድህ እንድትጸልይ።

ይህን የሚቃወም ባህልም ከውጭ የመጣ አይደለም። ደም መመለስ በዚሁ አገር፣ በዚሁ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ያደገ ነው። ወንድሙ የተገደለበት ሰው ዝም ብሎ ከተቀመጠ በጠላ ቤት «ወንድ አይደለም» ይባላል። እናት እንኳ በሙሾዋ ልጇን ትቀሰቅሳለች። ዛሬ ደግሞ ይኸው የቆየ ባህል አዲስ የፖለቲካ ስም ለብሷል። በጫካ ላለው ወጣት እናት ያዘነ «ጽንፈኛ» ይባላል፤ ከሩቅ አገር መጥቶ ለሞተው ወታደር እናት ያዘነ «ባንዳ» ይባላል። ሁለቱም እናቶች ግን ልጃቸውን ክርስትና ያስነሡት በአንድ ሥርዓት ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለ እምነት በተግባር ታይቶ አያውቅም ለማለት ግን አይቻልም። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በመተከል የነበረውን ማስታወስ ይበቃል። በቡለን ወረዳ በኩጂ ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ከመቶ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተገደለ። በሕይወት የተረፈው በአሥር ሺዎች እየሆነ ወደ ቻግኒ ተሰደደ። የመጣው አማራ ብቻ አልነበረም፤ አገውም፣ ሺናሻም፣ ኦሮሞም ነበረበት። የዕለት እንጀራውን ከስደተኛ ጋር የተካፈለው የአዊ ገበሬ መጀመሪያ መታወቂያ አልጠየቀም።

በዚያው ወቅት ግን ሌላም ነገር ነበር፤ ቁጣው በገዳዩ ላይ ሳይቆም በጉሙዝ ሕዝብ ሁሉ ላይ የሚወርድበት ንግግር። በትውፊት የሰባቱ ቤት አገው ስም ሲቆጠር መተከል ከሰባቱ አንዱ ነው። ወንድም ተብሎ በስም የሚቆጠር ምድር ላይ፣ ሰው በጎሣው ብቻ ጠላት ተብሎ ተቆጠረ። እንጀራ የቆረሰው እጅና በጅምላ የፈረደው አፍ የአንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። እምነት ከእጅ እስከ አፍ ያለውን መንገድ መሄድ ያቃተው እዚያ ነው።

አባቶችም ከዚህ ፈተና ነፃ አልነበሩም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በአገር ውስጥና በውጭ አገር ሲኖዶስ ተከፍላ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ኖራ፣ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ታረቀች። በእነዚያ ዓመታት ወንድማማቾች በአንድ ከተማ እየኖሩ በተለያየ ደብር ቀደሱ፤ ብዙዎች ዕርቁን ሳያዩ ሞቱ። አምስት ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ያለ ሲኖዶሱ ፈቃድ በተፈጸመው ሢመተ ጳጳሳት ሌላ መከፋፈል መጣ፤ ምእመናንም የነነዌን ጾም በጥቁር ልብስ አሳለፉ። በየካቲት ስምምነት ተደረሰ። ከዚህ ሁሉ የሚቀር ትምህርት አለ፤ ዕርቅ የሚዘገየው ሁለቱም ወገን እውነት ከእኔ ጋር ብቻ ናት ሲል ነው፤ የመዘግየቱን ዋጋ የሚከፍለው ግን በጠቡ ውስጥ ያልነበረው ነው።

«ታዲያ በደል ይረሳ ነው የምትሉት?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ልጇን ከቀበረች ሦስት ቀን ያልሞላትን እናት «ይቅር በይ» ማለት ስብከት ሳይሆን ጭካኔ ነው። ምንም ያልጎደለበት ሰው ስለ ይቅርታ ሲናገር ቃሉ ቀላል ነው። የአገሩ ሽምግልና ራሱ ይህን ያውቃል። ደም የሚደርቀው በዝምታ አይደለም። ገዳዩ ወይም ቤተሰቡ ጥፋቱን ያምናል፣ ሽማግሌ ይላካል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ ቄስ መስቀል ይዞ ይቆማል፣ መሐላ ይፈጸማል። እውነቱ ሳይነገር የተሳመ መስቀል የለም። ክርስትና በዚህ ላይ የሚጨምረው አንድ ነገር ነው፤ ፍርድ እስኪመጣ ድረስ የበደለህን ሰው ከሰውነት እንዳታወጣው።

ይህ በተግባር ምን ይመስላል? በስብከት ላይ የአንድ ወገን ሟቾች ብቻ ሳይሆኑ የሁሉም ሲታሰቡ ይመስላል። እድር ድንኳኑን ለመትከል የሟቹን ወገን ሳይጠይቅ ሲቀር ይመስላል። በቅዳሴ መካከል ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ሲል፣ ሰው ወደ ወዳጁ ብቻ ሳይሆን ከኋላው ወደ ቆመው ወደተቀየመው ሰው ሲዞር ይመስላል። በስልክ የመጣን የአስከሬን ምስል «ደግ አደረጉት» ብሎ ከማስተላለፍ ይልቅ ማጥፋትም ያው ጾም ነው፤ ከሥጋና ከቅቤ መከልከል የዚህን ያህል አይከብድም።

ይህን የሚያደርግ ሰው ከሁለቱም በኩል ስም ይወጣለታል። ሰማዕትነትን በሥዕል ብቻ ለለመደ ትውልድ ይህ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ቅዱስ ጊዮርጊስን በየወሩ የሚዘክር ሕዝብ ግን ሰማዕት ሰይፍ የጨበጠው ብቻ እንዳልሆነ፣ ሰይፍ ያረፈበትም እንደሆነ ያውቃል።

ቸር ያሰማን።